ንጹሑ ማጉያና መርገጫው
የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ አመጣጥና የማጉያ ምርጫ

መግቢያ

የሙዚቃ መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ ትኩረት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በተጫዋቹ እጅ ለሚገኘው ዕቃ ነው። ስለ ክራሩ፣ ስለ መሰንቆው፣ ስለ ጊታሩ ብዙ ይባላል። ከተጫዋቹ በስተጀርባ መሬት ላይ ተቀምጦ ድምፁን ለአዳራሹ ስለሚያደርሰው ሣጥን ግን የሚባለው ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ ጊታርን በሚመለከት ይህ ልማድ ወደ ስሕተት ያመራል። የኤሌክትሪክ ጊታር ከማጉያው ተለይቶ ሲታይ ግማሽ መሣሪያ ነው፤ ክሩ ሲመታ ከአጠገቡ ለተቀመጠ ሰው እንኳ በቅጡ አይሰማም። ሌላው ግማሽ አምፕሊፋየሩ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከ1960ዎቹ ወዲህ ሦስተኛ ወገን ገብቷል፤ ይኸውም በእግር እየተረገጠ የድምፁን መልክ የሚለውጠው ፔዳል ነው።

ፔዳል ለመጠቀም ያሰበ ጊታር ተጫዋች ምን ዓይነት ማጉያ ይምረጥ? ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ንጹሕ ድምፅ ያለውን ይምረጥ» የሚል ነው። መልሱ አጭር ይሁን እንጂ ከበስተኋላው ያለው ታሪክ ረዥም ነው። ንጽሕና በመጀመሪያ የሠሪዎች ምኞት ነበረ፤ ቀጥሎ ሙዚቀኞች የናቁት ባሕርይ ሆነ፤ በመጨረሻም በአዲስ ትርጉም ተመልሶ መጣ። የዚህን ጉዞ ሂደት መከታተል ለምርጫው ራሱ ብርሃን ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥራት እንደ ግብ

የኤሌክትሪክ ጊታር የተወለደው ከችግር ነው። በ1930ዎቹ በአሜሪካ የዳንስ ኦርኬስትራዎች ውስጥ ጊታር በጥሩምባዎችና በሳክስፎኖች ተውጦ ይቀር ነበር። ጊብሰን የተባለው ፋብሪካ በ1936 ኢ ኤስ 150 የተሰኘውን ጊታር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ቻርሊ ክርስቲያንም በ1939 ወደ ቤኒ ጉድማን ቡድን ገብቶ ነጠላ ዜማ እንደ ሳክስፎን ሲጫወትበት፣ ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ ከነፋስ መሣሪያዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ለመቆም ቻለ። ይሁን እንጂ የዘመኑ ማጉያዎች ኃይላቸው አነስተኛ ነበር። ድምፃቸው ከፍ ሲደረግ ይሻክሩ፣ ይንኮሻኮሹም ነበር። ይህን መሻከር በዚያን ጊዜ እንደ ውበት የቆጠረው ሠሪ አልነበረም፤ ሊወገድ የሚገባው ጉድለት ነበር።

ጉድለቱን ለማስወገድ ከፍተኛ ጥረት ካደረጉት ሰዎች አንዱ ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር በካሊፎርኒያ ውስጥ ፉለርተን በምትባል ከተማ በ1938 የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ባለሙያ ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ይህም ድካም ሳይሆን ጥቅም ሆነለት ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በራሱ ጣዕም ከመመራት ይልቅ በዳንስ አዳራሽ የሚሠሩትን ሙዚቀኞች ስሞታ እያዳመጠ ማሻሻል ግድ ሆኖበታል። ሙዚቀኞቹ የሚጠይቁት ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ ድምፁ ይጨምር፣ ነገር ግን አይሻክር። በ1952 ባለ ሁለት ድምፅ ማውጫ የሆነውን «ትዊን» ሠራ። በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ዲክ ዴል የተባለው የካሊፎርኒያ ጊታር ተጫዋች እጅግ ከባድ በሆነ አመታቱ ድምፅ ማውጫዎችን እያቃጠለ በመመላለሱ፣ ፋብሪካው ትልልቅ ትራንስፎርመሮችንና ጠንካራ ድምፅ ማውጫዎችን ለመጠቀም ተገደደ። በ1963 መጨረሻ ላይ ደግሞ 85 ዋት ኃይል፣ እያንዳንዳቸው 12 ኢንች የሆኑ ሁለት ድምፅ ማውጫዎችና በሽቦ ጥቅልል የሚሠራ የማስተጋቢያ ክፍል ያለው «ትዊን ሪቨርብ» ብቅ አለ። ንጹሕ ማጉያ ሲባል እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ሙዚቀኞች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ይኸው ነው።

ከብልሽት የተገኘ ድምፅ

የፋብሪካው ሰዎች መሻከርን ለማጥፋት ሲደክሙ፣ ሙዚቀኞች ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ይጓዙ ነበር። በ1951 በሜምፊስ ከተማ «ሮኬት 88» የተሰኘው ዘፈን ሲቀረጽ የጊታሩ ማጉያ በጉዞ ላይ ጉዳት ደርሶበት ነበር። ወረቀት ተወትፎበት በዚያው ተቀረጸ፤ የተንሻከከው ድምፅም ለዘፈኑ ጉልበት ሰጠው። በ1958 ሊንክ ሬይ «ራምብል» የተሰኘውን የመሣሪያ ሙዚቃ ሲሠራ የማጉያውን ድምፅ ማውጫ ሆን ብሎ በሳ። ከአደጋ ወደ ዓላማ የተደረገው ሽግግር በእነዚህ በሰባት ዓመታት መካከል ይታያል።

ይሁን እንጂ የተበላሸ ዕቃ የራሱ የሆነ ችግር አለው፤ የዛሬው ብልሽት ነገ ላይደገም ይችላል። የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» የተሰኘው ዘፈን በናሽቪል ሲቀረጽ የሆነው ይህን ግልጽ ያደርገዋል። ዘፈኑ በ1961 ሲወጣ በመካከሉ የሚሰማው የግሬዲ ማርቲን የባስ ጊታር ዜማ እንደ ንብ የሚያንዣብብ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በመቅጃው ጠረጴዛ ላይ የነበረ አንድ መሥመር መበላሸቱ ነበር። ሌሎች ሙዚቀኞችም ያንን ድምፅ ይፈልጉ ጀመር። ስለሆነም የቀረጻው መሐንዲስ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱ ምን እንደ ነበረ አጥንቶ፣ ያንኑ ድምፅ በትራንዚስተር የሚፈጥር ትንሽ መሣሪያ ሠራ። ጊብሰን ይህንኑ ተቀብሎ በ1962 «ማኤስትሮ ፈዝ ቶን» በሚል ስም ለገበያ አወጣው። ፋብሪካው ዕቃውን ያስተዋወቀው ጊታርን እንደ ጥሩምባና እንደ ሌሎች የነፋስ መሣሪያዎች ሊያሰማ የሚችል ነው እያለ ነበር። ገበያው በመጀመሪያ ቀዘቀዘ። በ1965 የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ «ሳቲስፋክሽን» በተሰኘው ዘፈን ከተጠቀመበት በኋላ ግን ፈላጊው በረከተ።

በታሪኩ ውስጥ ወሳኙ እርምጃ ይህ ነው። መሻከር ከማጉያው ወጥቶ በእግር ወደሚረገጥ ሣጥን ገባ። ሙዚቀኛው ሲፈልግ ይረግጠዋል፤ ሳይፈልግ ሲቀር ያጠፋዋል። ይህ ነፃነት የሚገኘው ግን ከሣጥኑ ቀጥሎ ያለው ማጉያ በራሱ የማይሻክር ሲሆን ብቻ ነው። ሣጥኑ ሲጠፋም የሚሻክር ማጉያ የሙዚቀኛውን ምርጫ ከንቱ ያደርገዋል። ሠሪዎች ለሌላ ዓላማ የደከሙለት ንጽሕና በዚህ ምክንያት አዲስ ሥራ አገኘ።

ሌሎች መርገጫዎችም ተከተሉ። በ1966 ቶማስ ኦርጋን በተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ውስጥ ብራድ ፕለንኬት የተባለ ወጣት መሐንዲስ የማጉያ ማብሪያ ማጥፊያን ርካሽ በሆነ የሚዞር መቆጣጠሪያ ለመተካት ሲሞክር፣ እንደ ሰው አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ድምፅ ሰማ። ይህም በኦርጋን የእግር መርገጫ ላይ ተገጥሞ «ዋ ዋ» ለመባል በቃ።

ሁለት መንገዶች

በ1960ዎቹ በእንግሊዝ አገር ሁለት የተለያዩ መንገዶች ጎን ለጎን ተከፈቱ። የመጀመሪያው መንገድ በለንደን የከበሮና የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ የነበረው የጂም ማርሻል ነው። ማርሻልና የሥራ ባልደረቦቹ በ1962 እና በ1963 የሠሩት ማጉያ የፌንደርን «ቤዝማን» መነሻ ያደረገ ቢሆንም፣ በቫልቮቹና በድምፅ ማውጫዎቹ ልዩነት ቶሎ የሚሻክርና የሚያገሳ ሆነ። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1966 ለንደን ደርሶ ይህን ማጉያ ሲይዝ፣ ማጉያው ራሱ የመሣሪያው ዋና ቀለም ሆነ። በዚህ መንገድ መርገጫው ረዳት ነው፤ ቀድሞውኑ የሚያገሳውን ይበልጥ ይገፋዋል።

ሁለተኛው መንገድ የሃይዋት ነው። ዴቭ ሪቭስ የመሠረተው ይህ ፋብሪካ በጥንቃቄ የተሠሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲልም በቀላሉ የማይሻክሩ 100 ዋት ማጉያዎችን ያወጣ ነበር። የፒንክ ፍሎይድ ጊታር ተጫዋች ዴቪድ ጊልሞር እነዚህን ማጉያዎች ከፈዝ መርገጫና ሚላን ከተማ ከተሠራው «ቢንሰን ኤኮሬክ» ጋር አቀናጅቶ ይጠቀም ነበር። ቢንሰን እንደ ሌሎቹ በቴፕ ሳይሆን በሚሽከረከር መግነጢሳዊ ጎማ ላይ ድምፅን እየቀረጸ እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ መሣሪያ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ንጹሕ ማጉያ አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት ከድምፆች ቅደም ተከተል ጋር የተያያዘ ነው። የሻከረ ዜማ በገደል ማሚቶው ሲደገም እያንዳንዱ ምላሽ ተለይቶ ይሰማል። በተገላቢጦሽ አስቀድሞ የተደጋገመው ዜማ ወደ ሚሻክር መሣሪያ ሲገባ ግን ምላሾቹ ከዋናው ዜማ ጋር አንድ ላይ ተፈጭተው ይደበላለቃሉ። መርገጫዎቹ ሁሉ ከማጉያው በፊት የሚሰለፉ በመሆናቸው፣ የሚሻክር ማጉያ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቃል ይናገራል፤ ተጫዋቹ በጥንቃቄ የደረደረውንም ያፈርሳል። ንጹሕ ማጉያ በአንጻሩ የተጫዋቹን ቅደም ተከተል አክብሮ ያስተላልፋል። ኋላ ላይ በማጉያዎች የኋላ ክፍል ለመርገጫዎች ልዩ መግቢያና መውጫ መሠራት የጀመረው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነው።

ከኦሳካ የመጣው መልስ

ንጽሕናን በራሱ የቆመ ዓላማ አድርጎ የያዘው ማጉያ ከጃፓን መጣ። ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ1972 በኦሳካ ከተማ የመሠረተው ሮላንድ በ1975 «ጃዝ ኮረስ 120» የተሰኘውን ማጉያ አቀረበ። ይህ ማጉያ በቫልቭ ሳይሆን በትራንዚስተር የሚሠራ ነው። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁን ሞገድ ጫፍ በድንገት ስለሚቆርጠው፣ የሚፈጥረው መሻከር ለጆሮ ደረቅ ነው ተብሎ በብዙ ጊታር ተጫዋቾች ዘንድ ይናቅ ነበር። የሮላንድ መሐንዲሶች ግን ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ተመለከቱት። ማጉያው ከቶውኑ እንዳይሻክር ሆኖ ከተሠራ መሻከሩ ደረቅ ነው መባሉ ምን ይጎዳል?

በሣጥኑ ውስጥ እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ ሁለት ማጉያዎችና ሁለት ባለ 12 ኢንች ድምፅ ማውጫዎች አሉ። ኮረስ የተሰኘው ክፍል ሲከፈት ከአንደኛው ድምፅ ማውጫ ዜማው እንዳለ ይወጣል፤ ከሁለተኛው ደግሞ በጣም ጥቂት ዘግይቶና ቅኝቱ በመጠኑ እየተወዛወዘ ይወጣል። ሁለቱ የሚዋሃዱት በሽቦ ውስጥ ሳይሆን በአዳራሹ አየር ላይ ነው። አድማጩም አንድን ዜማ ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚያሰሙት ያህል ይሰማዋል። ይህን መዘግየት የሚፈጥረው ረቂቅ መሣሪያ በ1969 በፊሊፕስ ኩባንያ ተመራማሪዎች የተፈለሰፈ ሲሆን፣ አሠራሩ ሰዎች ተሰልፈው ውሃ በባልዲ እንደሚቀባበሉ ሁሉ ኤሌክትሪኩን ከአንዱ ማጠራቀሚያ ወደ ሌላው የሚያቀባብል ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1976፣ ያው የኮረስ ክፍል ከማጉያው ተነጥሎ «ሲ ኢ 1» በሚል ስም ራሱን የቻለ መርገጫ ሆነ፤ ቦስ ለተባለውም የመርገጫ ምርት መነሻ ሆነ። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ቦስ ትንንሽ፣ ጠንካራና በባትሪ የሚሠሩ መርገጫዎችን በተከታታይ አወጣ። ቀለሙ ከማጉያው ወደ መርገጫው የተዛወረበት ሂደት በዚህ ተሟላ ማለት ይቻላል። ሮበርት ስሚዝ ከኪዩር ቡድን ጋር፣ ጄምስ ሄትፊልድም በሜታሊካ ጸጥ ባሉ ክፍሎች ላይ በጃዝ ኮረስ መጠቀማቸው፣ ይህ ማጉያ ስሙ እንደሚጠቁመው በጃዝ ብቻ ተወስኖ እንዳልቀረ ያስረዳል።

ንጽሕና አንድ ዓይነት አይደለም

እስከዚህ ድረስ ንጹሕ የተባለው ማጉያ እንደ ነጭ ሸማ ሊታይ ይችላል፤ ጥለቱ ጎልቶ የሚታየው መሬቱ ነጭ ሲሆን ነውና። ይሁን እንጂ ሸማ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ አይደለም። የትዊን ሪቨርብ ድምፅ ወፍራሙንና ቀጭኑን አጉልቶ መካከለኛውን ዝቅ የሚያደርግ ነው። በዚህም የተነሳ ነጠላ ጊታር ሲመታ ደስ ያሰኛል፤ የሻከረ ዜማ ሲጨመርበት ግን በከበሮና በባስ መካከል የመጥፋት አዝማሚያ ያሳያል። በ1979 ገደማ አይባኔዝ ያወጣው «ቲዩብ ስክሪመር» የተሰኘ መርገጫ መካከለኛውን ድምፅ የሚያጎላ በመሆኑ ይህን ክፍተት ሞላ። ስቲቪ ሬይ ቮን በፌንደር ማጉያዎች ፊት ይህን መርገጫ ማስቀመጡ ሁለቱ እንዴት እንደሚደጋገፉ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ጃዝ ኮረስ በበኩሉ ጥርት ያለና ብሩህ ነው። ኮረስንና የገደል ማሚቶን በግሩም ሁኔታ ይቀበላል። አንዳንድ የፈዝ መርገጫዎች ግን በላዩ ላይ የመጮህና ጆሮ የመውጋት ባሕርይ ያሳያሉ። ቮክስ ኤሲ 30 የተባለው የእንግሊዝ ማጉያ ደግሞ በ30 ዋት ኃይሉ ድምፁ ዝቅ ሲል ብቻ ንጹሕ ነው፤ ከፍ ሲል ቀስ በቀስ ይሻክራል። ይህን ጣፋጭ መሻከር የሚወዱ አያሌ ናቸው፤ ይሁን እንጂ መርገጫዎቹን በነፃነት ለመደርደር የሚሻ ሰው ይህን ጠባዩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ስለ ዋት የሚነገረውም በጥንቃቄ መታየት አለበት። የንግድ ማስታወቂያ የዋትን ቁጥር የጉልበት መለኪያ አድርጎ ያቀርባል። ጆሮ ግን በዚህ ሒሳብ አይመራም። ድምፅ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማ ኃይሉ በግምት አሥር እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ 85 ዋት የሆነው ትዊን ሪቨርብ 22 ዋት ከሆነው ታናሽ ወንድሙ «ደሉክስ ሪቨርብ» ጋር ሲነጻጸር፣ ኃይሉ አራት እጥፍ ያህል ቢሆንም ለጆሮ የሚጎላው ከእጥፍ ባነሰ መጠን ነው። የትርፍ ኃይል እውነተኛ ጥቅም ጩኸት ሳይሆን መጠባበቂያ ነው። ክሩ በድንገት በኃይል ሲመታ ወይም መርገጫው ድምፁን ሲገፋ፣ ማጉያው ሳይጨነቅ ማስተናገድ ይችላል። ከዚህም ሌላ የድምፅ ማውጫው ቅልጥፍና ከዋቱ ባላነሰ ይወስናል፤ በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ድምፅ ማውጫ መግጠም የማጉያውን ኃይል እጥፍ ከማድረግ ጋር እኩል ነው። በትንሽ አዳራሽ ከበሮው ለስለስ ብሎ ለሚመታበት ቡድን ደሉክስ ሪቨርብን የመሰለ ማጉያ ሊበቃ ይችላል፤ ኃይለኛ ከበሮ ባለበት ግን መሻከር ይጀምራል።

ክብደትም ከምርጫው ውጭ አይደለም። ትዊን ሪቨርብ ወደ 29 ኪሎ ይመዝናል፤ ጃዝ ኮረስም ከዚያ ብዙ አያንስም። ፌንደር በ2019 ያወጣውና የቫልቩን ድምፅ በዲጂታል ስሌት የሚያስመስለው «ቶን ማስተር» ትዊን ወደ 15 ኪሎ ብቻ መሆኑ፣ የተሸካሚው ትከሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ እንዳለው ያመለክታል።

የበገናው ምስክርነት

ሻካራና ንጹሕ ድምፅን አቀናጅቶ የመጠቀም ጥበብ ከኤሌክትሪክ ጋር የመጣ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በገና ለዚህ ምስክር ይሆናል። በአሥሩ ጅማቶችና በመቀመጫው መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች፣ እንዝራዎቹ፣ ጅማቱ ሲርገበገብ እየነኩት ያን የታወቀ የሚያንዣብብ ድምፅ ይሰጡታል። የበገና ደርዳሪ እንዝራውን ለማስተካከል የሚያጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ ያለ እንዝራ የበገናው ድምፅ ግርማውን ያጣልና። ክራር በአንጻሩ በጥራቱ የሚወደድ ነው።

ከዚህ ንጽጽር አንድ ጠቃሚ ትምህርት ይገኛል። በበገና እያንዳንዱ ጅማት የራሱ የሆነ እንዝራ አለው። በጊታር ግን ስድስቱም ክሮች በአንድ የፈዝ መርገጫ ውስጥ ያልፋሉ። ሁለት የተለያዩ ድምፆች በአንድ ላይ ሲሻክሩ በመካከላቸው በዜማው ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች ድምፆች ይወለዳሉ፤ ድምፆቹ እርስ በርስ በተቀራረቡ መጠንም ውጤቱ ይበልጥ ይረበሻል። ስለሆነም እንደ አንቺ ሆዬ ባለ፣ የግማሽ ድምፅ ቅርበት በሚገኝበት ቅኝት፣ ብዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ በፈዝ መምታት ቅኝቱን ያደበዝዘዋል። ነጠላ ዜማ ግን ሻካራነቱን ተሸክሞ ቅኝቱን ሳይለቅ ሊጓዝ ይችላል። መርገጫውን በዜማው መስመር ላይ አብርቶ ክሮች በጋራ በሚመቱበት ቦታ ለማጥፋት የሚችለው ደግሞ ከበስተኋላው ንጹሕ ማጉያ ያለው ተጫዋች ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ፍሬ ነገር ያስጨብጣል። ንጹሕ ማጉያ ለመርገጫ የሚመረጠው ጠባይ ስለሌለው አይደለም፤ ውሳኔውን ለተጫዋቹ ስለሚተውለት ነው። መርገጫ በአነስተኛ ዋጋ ይገዛል፣ ይለወጣል፣ በውሰትም ይገኛል። ማጉያ ግን ለብዙ ሙዚቀኞችና ለብዙ የኪነት ቡድኖች ለዓመታት የሚዘልቅ አንድ ግዢ ነው። በመርገጫው የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን በቀላሉ ያርማል፤ በማጉያው የተሳሳተ ግን በሚጫወተው ዜማ ሁሉ ላይ ስሕተቱን ይሸከማል።

ስለዚህ መራጩ ወደ ማጉያው ሲቀርብ መርገጫዎቹን ሁሉ አጥፍቶ ይጀምር። ጊታሩን በለሆሳስ፣ ቀጥሎም በኃይል ይምታ፤ ክሮቹ በአንድነት ሲመቱ እያንዳንዱ ተለይቶ መሰማቱን ያረጋግጥ። ከዚያ በኋላ የሚሻክረውን መርገጫ፣ በመጨረሻም የገደል ማሚቶውን ይጨምር። ይህንንም ብቻውን በሱቅ ውስጥ ሳይሆን፣ ቢቻል ከበሮና ባስ ባሉበት፣ ሥራው በሚሠራበት የድምፅ ከፍታ ያድርገው። ብቻውን ሲሰማ የሚያስደንቅ ድምፅ በቡድን መካከል ሊጠፋ፣ ብቻውን ሲሰማ ተራ የሚመስለው ደግሞ በቡድን መካከል ቦታውን ሊያገኝ ይችላል።

ሊዮ ፌንደር የሙዚቀኞችን ስሞታ ሲያዳምጥ፣ ግሌን ስኖዲ የተበላሸውን መሥመር ሲመረምር፣ የሮላንድ መሐንዲሶችም የተናቀውን ትራንዚስተር ለንጽሕና ሲያውሉ፣ ሁሉም የተመሩት በማዳመጥ ነበር። ማጉያ መራጩም ከዋት ቁጥርና ከፋብሪካ ስም አስቀድሞ የሚተማመንበት መሣሪያ ይኸው የማዳመጥ ችሎታው ነው።